መጀመሪያ እንስሳውን፣ ከዚያ ሎጁን ይምረጡ

በዓል ሲቃረብ ወይም ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «የዱር እንስሳ የምናይበት ጥሩ ሎጅ የቱ ነው?» ጠያቂው የሚፈልገውን ያውቃል። ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውሃ፣ ልጆቹ አጋዘን ወይም ጭላዳ የሚያዩበት አንድ ጥሩ ማለዳ። ብዙዎች ግን ሎጁን በፎቶው መርጠው፣ በማይሆን ወር፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይሄዳሉ። የከፈሉት የትልቅ ሆቴል ዋጋ ሆኖ ሳለ ጭጋግና የእሳት ምድጃ አይተው ይመለሳሉ። ይህ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ትንሽ ቀደም ብሎ ቢታሰብበት ኖሮ ያው ገንዘብ ዕድሜ ልክ የማይረሳ ነገር ያሳያቸው ነበር።

የተፈጥሮ ሎጅ ውድ የሚሆነው አልጋው ከከተማ ሆቴል አልጋ ስለሚበልጥ አይደለም። ዋናው የሚከፈልበት ነገር ቦታውና ሰዓቱ ነው። እንስሳው ከማደሪያው በሚወጣበት ሰዓት እርስዎ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ገና መንገድ ላይ አለመሆንዎ፣ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ ከጎንዎ መኖሩ፣ ብርድ መትቶዎት ሲመለሱም እሳትና ትኩስ ሾርባ መጠበቁ ነው። እነዚህን ሦስቱን የማያገኙበት ሎጅ ውብ ቢሆንም ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በዋነኛነት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ምሳሌነት አቀርባለሁ። በአንድ ጉዞ ቀይ ቀበሮን፣ የደጋ አጋዘንንና የሐረና ደንን የሚያገናኝ ሌላ ቦታ የለም።

1. ማየት የሚፈልጉትን እንስሳ ይወስኑ

ይህ ደረጃ ሌሎቹን ሁሉ ስለሚወስን አይዝለሉት። ቀይ ቀበሮ የሚፈልግ ሰውና አዞ የሚፈልግ ሰው በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም፤ በአንድ ወርም ላይሄዱ ይችላሉ።

ቀይ ቀበሮን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው የባሌው የሳነቴ አምባ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። የደጋ አጋዘን የሚታየው እዚያው ባሌ፣ ድንሾ አጠገብ ነው። ጭላዳን በመቶዎች የሚቆጠር መንጋ ሆኖ ለማየት ስሜን ተራሮች ይሂዱ፤ ዋልያም ያለው እዚያ ብቻ ነው። አዞና ጉማሬ ከሆነ ምኞትዎ አርባ ምንጭ ነው፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ። ዝሆን ለማየት የሚመኙ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በዳውሮና በኮንታ በኩል አዳዲስ ሎጆች የተከፈቱለትን ጨበራ ጩርጩራን ያስቡ። እዚያ ግን ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣልና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ዝሆን እንኳ ይሰወርበታል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ኬንያ ወይም ታንዛኒያ የሚታየውን የአንበሳና የሜዳ አህያ መንጋ በልብ ይዞ መሄድ ነው። ሐረና ውስጥ ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ አለ፤ በቀላሉ ግን አይታይም፤ አሳያለሁ የሚልዎትንም አይመኑ። የእኛ አገር ሀብት ሌላ ቦታ የሌሉ እንስሳት መገኛ መሆኑ ነው። ቀይ ቀበሮን፣ ዋልያን፣ ጭላዳንና የደጋ አጋዘንን ለማየት ከመላው ዓለም የሚመጣ ሰው ሌላ መድረሻ የለውም።

2. ወሩን ከሎጁ በፊት ይያዙ

ለባሌ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ የአምባው ሣር ስለሚያጥር ዐይን ሩቅ ያያል። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ቀይ ቀበሮ ስለምትወልድ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቡችሎቹ ከጉድጓዳቸው መውጣት ይጀምራሉ። ዋጋው ብርድ ነው፤ በነዚህ ወራት ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

በክረምት መሄድ ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። ሐረና በዝናብ ጊዜ አረንጓዴነቱ ልብ ይሰርቃል፤ ሎጆችም በዚህ ጊዜ ዋጋ ይቀንሳሉ። ነገር ግን አምባውን ጭጋግ ሲሸፍነው አሥር ሜትር ላይ ያለ እንስሳ ሳይታይ ያልፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቅናሹ አያታልለው።

ስሜንንም እንዲሁ ያስቡት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጭጋግ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ገደሉ ጠርቶ ይታያል፤ ሣሩም ገና ለምለም ነው። ወደዚያ ከማሰብዎ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ያጣሩ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። ስለ ጸጥታው ሎጁን ብቻ አይጠይቁ። ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤትና በዚያ መስመር የሚመላለስ ሾፌርም ይጠይቁ፤ የሦስቱ መልስ ካልተስማማ ጉዞውን ያቆዩት።

3. አብረዎት የሚሄዱትን ሰዎች ከከፍታው ጋር ያስተያዩ

ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ራስ ምታቱ ሲጀምረው ነው። የሳነቴ አምባ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አምባው ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 40 በመቶ ያህል ያንሳል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ሰውነቱ በከፊል የለመደ ነው። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ እንግዳ ግን ቢያንስ ሁለት ቀን አዲስ አበባ ይረፍ። በማግሥቱ ወደ ተራራ ይዞ መሮጥ እንግዳ ማክበር አይደለም።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ የያዘች እናት ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። መንገድ ላይ ቀላል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢመጣ ውሃ ይጠጡ፣ አይሩጡ፣ አልኮል ይተዉ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ሲራመድ የሚንገዳገድ ሰው ካለ ግን መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ። ፎቶ እስክንጨርስ ማለት አይገባም።

እናትና አባትዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነና ከፍታው ካሳሰበዎት አርባ ምንጭን ይምረጡ። ከተማው ከ1,300 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ አውሮፕላን አለ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ሎጆች በረንዳ አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ከነደኑ ይታያል። አዛውንት ወንበራቸው ላይ ሆነው የሚጠግቡት እይታ ነው። ጀልባውን ጠዋት ይያዙት፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ሐይቁን ያናውጠዋል።

4. ሎጁን ደውለው ይጠይቁ

ፎቶ አይቶ ገንዘብ መላክ የለም። ይደውሉ፤ የሚመልስልዎ ሰው ስለ እንስሳቱ የሚናገርበት ሁኔታ ብቻውን ብዙ ይነግርዎታል። የሚከተሉትን ሳይጠይቁ ቀብድ አይክፈሉ።

«የምፈልገው እንስሳ ከሎጁ ምን ያህል ይርቃል?» ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሁን። ባሌ ማውንቴን ሎጅ ለምሳሌ በፓርኩ ውስጥ፣ ሐረና ደን መሐል፣ 2,380 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተሠራው። ድንቅ ቦታ ነው፤ ጉሬዛውና የባሌ ጦጣው ጎረቤት ናቸው። ቀይ ቀበሮው ግን እዚያ አይደለም፤ ሳነቴ ላይ ነው፤ ወደ እርሱ ለመድረስ ተራራውን በመኪና መውጣት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ «በመስኮት ቀበሮ አያለሁ» ብለው የሚሄዱ አሉ። ስሜንም ላይ እንዲሁ ነው፦ ከደባርቅ ብዙም ሳይርቅ በፓርኩ ጠርዝ ላይ ያለው ሊማሊሞ ሎጅና በፓርኩ ውስጥ 3,260 ሜትር ላይ ያለው ስሜን ሎጅ ሁለቱም ለጭላዳ ቅርብ ናቸው። ዋልያ ለማየት ግን ብዙውን ጊዜ ጨነቅ ድረስ መሄድ አለ፤ የቀን ጉዞ ነው።

«በዚህ ወር እየሠራችሁ ነው? ስንት ክፍልስ ክፍት ነው?» በመንገድ፣ በጸጥታ ወይም በእድሳት ምክንያት ለወራት የሚዘጋ ሎጅ አለ፤ የድረ ገጹ ፎቶ ግን አይዘጋም።

«ዋጋው ምን ምን ይጨምራል?» ራቅ ባለ ሎጅ አካባቢ ሌላ ምግብ ቤት ስለሌለ ሦስቱንም ገበታ ያካተተ ዋጋ ይጠይቁ። አስጎብኚው፣ የፓርክ መግቢያውና መኪናው ይካተቱ እንደሆነ ለየብቻ ይጠይቁ። ታክስና የአገልግሎት ክፍያም ተጨምሮ እንደሆነ ያረጋግጡ። «አሥር ሺህ» የተባለ ክፍል 10 በመቶ አገልግሎትና በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብበት 12,650 ብር ይሆናል። ለሦስት ሌሊት፣ ለሁለት ክፍል ልዩነቱን ያስሉት።

«ለኢትዮጵያዊና ለነዋሪ የተለየ ዋጋ አላችሁ?» ብዙዎቹ አላቸው፤ ካልጠየቁ ግን የሚነግርዎ ላይኖር ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ዘመድ ካለ እርሱንም አብረው ይጠይቁ፤ የተባለውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

«የጾም ምግብ አላችሁ?» የውጭ እንግዳ የለመደ ወጥ ቤት በገና ጾም መሐል ሰላጣና ሩዝ ብቻ ሊያቀርብልዎ ይችላል። ጥሬ ዕቃው የሚመጣው ከሩቅ ስለሆነ ከሳምንት በፊት ከተነገራቸው ሽሮውንም ምስሩንም ያዘጋጃሉ፤ እዚያ ደርሰው ቢናገሩ ግን ሊረዱዎት ቢፈልጉም አይችሉም።

«ቁርስ በስንት ሰዓት ነው?» ይህን ጥያቄ የሚንቅ አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እጠይቃለሁ። «ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አይደርስም» የሚል ሎጅ እንስሳት የሚንቀሳቀሱበትን ሰዓት ቆልፎብዎታል ማለት ነው። ጎህ ሳይቀድ ሻይና ዳቦ አዘጋጅቶ፣ ቁርሱን በሳህን ቋጥሮ የሚያስይዝዎ ሎጅ ሥራውን ያውቃል። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ እርሱን ይምረጡ።

5. ሌሊቶቹን ያከፋፍሉ

ለባሌ ሦስት ሌሊት ዝቅተኛው ነው። በአንድ ሌሊት የሚሄድ ሰው የሚያየው መንገዱን ነው፤ ጭጋግ አንድ ቀን ቢወስድብዎ ሌላ ቀን ሊኖርዎ ይገባል።

አዲስ አበባን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከለቀቁ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከሰዓት በኋላ ድንሾ ይደርሳሉ። ዕቃ ከማውረድዎ በፊት የፓርኩን ክፍያ ይፈጽሙና አስጎብኚ ይያዙ፤ የቀኑ ጥሩ ሰዓት ከፊትዎ ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ይወጣል። ሰው ስለለመዱ በእግር እየሄዱ፣ በዝግታ፣ በቅርብ ርቀት ይታያሉ። ወንዱ ትልቅ ነው፤ ቀንዱ ይጠመዘዛል፤ ቆሞ ሲያይዎት እርስዎም ቆመው ይዩት። ልጆች ካሉ ከርከሮዎቹ ይበልጥ ያስቋቸዋል።

የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ድንሾ ወይም ወረድ ብሎ ሮቤ ወይም ጎባ ያሳልፉ። እዚያ ያለው ማረፊያ እንደ ሎጁ የተሟላ ላይሆን ይችላል፤ ለአንድ ሌሊት ይታገሡት። ሰውነትዎ ከፍታውን ይለማመዳል፤ በማግሥቱም ሳነቴ ላይ በጊዜ ይደርሳሉ። ገንዘብዎን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሌሊት፣ ለሐረናው ሎጅ ያስቀምጡት። ቀን ከፍታ ላይ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ለእንቅልፍም ለጤናም ይመረጣል።

በአራተኛው ቀን አምባውን በማለዳ እንደገና ያቋርጣሉ፤ ይህ ሁለተኛ ዕድልዎ ነው። ከሐረና ተነሥቶ በዚያው ቀን አዲስ አበባ እገባለሁ ማለት ግን ድካም ላይ አደጋ መጨመር ነው። ወይ መንገድ ላይ ያድሩ፣ ወይ ከሮቤ የሚነሣ በረራ መኖሩን አስቀድመው ያጣሩ።

6. መኪናውንና ሻንጣውን ያዘጋጁ

ከጎባ በላይ ያለው ዳገት ጠጠርና ጠመዝማዛ ነው። በበጋ ጥንቁቅ ሾፌር በሌላ መኪና ሊያልፈው ይችላል፤ ዝናብ ከነካው ግን ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የግድ ነው። ነዳጅ ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ይሙሉ። ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት ይያዙ፤ ለአስጎብኚ፣ ለስካውት (ለፓርክ ጠባቂ)፣ በመንገድ ማር ለሚሸጥልዎ ሰው በስልክ ማስተላለፍ ሁልጊዜ አይቻልም፤ ኔትወርክ ይጠፋል።

ልብስ ደራርበው የሚለብሱት ይሁን፦ ስስ የውስጥ ልብስ፣ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ማለዳ አንድ ላይ ይለበሳል፣ አምስት ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ይወልቃል። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ መያዝ ስሕተት ነው፤ ወይ ያልብዎታል ወይ ይበርድዎታል። ጋቢ ለመኪና ውስጥ ወደር የለውም። ፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዙ፤ በዚያ ከፍታ ፀሐዩ ሳይሞቅዎ ያቃጥላል። ቀይና ደማቅ ቀለም ለከተማ ያስቀሩት፤ ቡኒና አመድማ ይልበሱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ባይናኩላር ነው። 8 በ42 የሚባለው መጠን ለጀማሪ ይበቃል፤ ለቤተሰብ ከአንድ ሁለት ይሻላል። በስልክ ካሜራ የሚነሣ ቀይ ቀበሮ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በባይናኩላር ግን የጆሮውን እንቅስቃሴ ያያሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞ እንዲመጣ ከመንገርዎ በፊት ግን ጉምሩክን ይጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ ሲገባ ቦሌ ላይ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ ጭራሽ አይታሰብም፤ እንስሳቱንም ያስደነብራል።

7. ሳነቴ ላይ፦ መኪናውን አቁመው ይጠብቁ

ይህ የጉዞው ልብ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። ፀሐይ ስትወጣ አምባው ላይ ይድረሱ። ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል፤ ጅባራው በየቦታው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀይ ቀበሮዎች በቡድን ይኖራሉ፤ የሚያድኑት ግን ለየብቻ ነው። ማለዳና ማምሻ ላይ ቡድኑ ተሰባስቦ ሰላምታ ሲለዋወጥና ወሰኑን ሲዞር ይታያል። ከዚያ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ፍልፈሎች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቀበሮ ወደ አደኑ ይበተናል። ብዙ ጎብኚ «ማለዳ አልታየም» ብሎ ሁለት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ጥሩው አደን ግን ከዚያ በኋላ ሊጀምር ይችላል። እስከ አምስት ሰዓት ይቆዩ።

ፈልጎ ማግኘቱ ዘዴ አለው። በመኪና ሃያ ኪሎ ሜትር ከመሮጥ አንድ ጥሩ ቦታ ላይ ሞተር አጥፍቶ መቆም ይሻላል። መሬቱ የተቆፋፈረበትንና ትኩስ አፈር የተከመረበትን ቦታ ይፈልጉ፤ የግዙፉ ፍልፈል መኖሪያ ነው። ይህ ፍልፈል ባሌ ውስጥ እንጂ ሌላ የትም የለም፤ ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ዐይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው። ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በአፉ የደረሰበትን ሣር አጭዶ ተመልሶ ይገባል። አጠገቡ ትንሽ ጥቁር ቡኒ ወፍ ከታየ ልብ ይበሉ፦ ፍልፈሉ ሲቆፍር የሚወጡትን ነፍሳት የምትለቅም ናት። አደጋ ስታይ ትጮኻለች፤ ፍልፈሉ ጩኸቷን ሰምቶ ይገባል። እርስዎም ወፏ ስትጮኽ ዙሪያውን ይዩ።

ቀበሮው ሲመጣ በቀለሙ ይለዩታል፦ ደማቅ ቀይ ጠጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጅም እግር፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ጭራ። አመድማ ከሆነ ሌላው ተራ ቀበሮ ነው። ሲያድን አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ፣ አንድ እግር አንሥቶ ይቆማል። ያንን እግር ሳያሳርፍ ብዙ ሊቆይ ይችላል። አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ እንደገና ይደርቃል። በመጨረሻ ይዘልላል፤ ወይ ይይዘዋል ወይ አፉን አፈር ሞልቶ ይቀራል። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ዝም ይላል፤ ልጆችም ጭምር። ለዚህ ነው የሚከፈለው።

8. ርቀትዎን ይጠብቁ

መለኪያው ቀላል ነው። እንስሳው የሚሠራውን ትቶ እርስዎን ማየት ከጀመረ ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይበሉ። አምባው ላይ ከመኪና ወርደው ወደ ቀበሮ አይሂዱ፤ ሾፌርዎም ከመንገድ ወጥቶ ሣሩ ላይ እንዳይነዳ ይንገሩት። ጉድጓድ አጠገብ ቡችላ ካዩ ጭራሽ አይጠጉ፤ እናቲቱ ከተደናገጠች ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራለች፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ለቡችላ መንገድ አደጋ ነው። በዝግታ ይንዱ፤ ሳነቴ መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀበሮዎች አሉ።

ምግብ አይስጡ፣ ትራፊም አይጣሉ። ውሻዎን ደግሞ በምንም ምክንያት ይዘው አይሂዱ። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ ይበልጥ የጨረሰው ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ ገብቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀበሮ ገድሏል። አንድ ያልተከተበ ውሻ የአንድ ሸለቆ ቡድን ሊያጠፋ ይችላል። ከጥቂት መቶ እንስሳ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ስሜን ለሚሄዱ፦ እዚያ ያለው ጭላዳ ሰው ስለለመደ አይፈራም፤ መንጋው መሐል ተቀምጠው ማየት ይችላሉ። ነገር ግን በእናትና በግልገል መካከል አይግቡ። ደረቱ ቀይ የሆነው ወንድ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይዎ እየሳቀ አይደለም፤ እያስጠነቀቀዎት ነው። ቀስ ብለው ይራቁ።

9. ጭጋግ ከያዘብዎ

ቀኑን አይጣሉት። ጭጋጉ አምባው ላይ ሲተኛ ሐረና ውስጥ ግልጥ ሊሆን ይችላል። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ መጀመሪያ የአስታው ደን ይመጣል፤ ግንዱ በዛፍ ሽበት ተሸፍኗል፤ ከዚያ በታች ረጃጅሙ ዛፍ ይጀምራል። ሎጁ አስጎብኚ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ወደ ቀርከሃው ይሂዱ። የባሌ ጦጣ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ስለሆነ እርሱን ሲፈልጉ ቀርከሃ መፈለግ ነው። ዓይነ አፋር ነው፤ ቅጠሉ ሲንቀሳቀስ ቆመው ዝም ይበሉ።

እዚያው ደን ውስጥ ቡና ሰው ሳይተክለው ይበቅላል፤ ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችም ያያሉ። ቡናውንና ማሩን ከአካባቢው ሰው ይግዙ፤ ዋጋ አይከራከሩ። ደኑ ቆሞ ገቢ ሲያስገኝለት ያየ ገበሬ ደኑን ለመቁረጥ አይቸኩልም። አስጎብኚም በሎጁ በኩል ብቻ ሳይሆን ከድንሾ የአካባቢ አስጎብኚዎች ይቅጠሩ፤ የሚያሳዩዎትን እንስሳ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ለገናና ለጥምቀት መሄድ የሚያስቡ ከሆነ ጥሩ ክፍል የሚገኘው መስከረም ላይ ለሚደውል ነው። ዛሬ ይደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ እንስሳው ይሁን፣ ስለ አልጋው በኋላ ይጠይቃሉ።